ልጄ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አርባኛው ገጽ ላይ ዘጋው

«ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ወንዱ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ነው። ኳስና የስለላ ፊልም ይወዳል። ለገና ብዬ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ገዛሁለት። አርባ ገጽ ያህል ሄዶ ዘጋው፤ ‹እማዬ፣ አይገባኝም› ነው የሚለኝ። ሴቷ 17 ዓመቷ ነው። እሷስ ታነባለች፤ ግን ስልኳ ላይ በክፍል በክፍል የሚለቀቅ የፍቅር ታሪክ ብቻ። አሁን ደግሞ ጓደኞቿ ነግረዋት ‹ኦሮማይ›ን ግዢልኝ ትላለች። ለዕድሜዋ ይሆናል? ቨርጂኒያ ያለችው እህቴም የ15 ዓመት ልጅ አላት። አማርኛ ይናገራል፣ ፊደልም ቆጥሯል፤ ሲያነብ ግን ይንተባተባል። ‹ከአገር ቤት ምን መጽሐፍ ትልኪልኛለሽ?› እያለች ትጠይቀኛለች። ከድሮውም ከአሁኑም ምን ላስነብባቸው? ከየቱስ ልጀምር?»
— እናት፣ ከደብረ ብርሃን

እህታችን፣ ልጅዎን አይቆጡት፤ መጽሐፉንም ለሰው አይስጡት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የሚዘጋ ልጅ ብዙ ነው፤ የሚዘጋበትም ምክንያት ይታወቃል። የመጽሐፉ ተራ ሳይደርስ ነው ልጁ እጅ የገባው። ለሦስቱም ልጆች የምንመክርዎ ነገር ከዚሁ ይነሳል፤ የትኛው መጽሐፍ ከየትኛው እንደሚቀድም ማወቅ ነው ዋናው ሥራ።

መጀመሪያ አርባኛው ገጽ ላይ ምን እንደተፈጠረ እንይ። ሰው ሁሉ ስለዚህ መጽሐፍ ሲያወራ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው የሚያወራው። መጽሐፉ ግን የሚጀምረው በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ፣ በበዛብህ ወላጆች ነው። ልጅዎ ፍቅረኞቹን ሲጠብቅ የሁለት ጎልማሶች ትዳርና ኑሮ ይመጣበታል። ሰብለ ወንጌል ቤት እስኪደርስ ገና ብዙ ገጽ አለው። «ይኼ ነገር መቼ ነው የሚጀምረው?» እያለ ይደክማል። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማቃናት ይቻላል፤ «መጀመሪያ የምታነበው የወላጆቹን ታሪክ ነው፤ ለልጃቸው የተሳሉት ስለት በኋላ መዘዝ ያመጣል፤ እሱን ጠብቅ» ይበሉት። የሚጠብቀውን ነገር ያወቀ ልጅ ይታገሣል። የመጨረሻውን ግን አደራ አይንገሩት። ርእሱ ግማሹን ቢናገርም ግማሹ ለእሱ ይቆይለት።

ሌላው ችግር የቃላቱ ነው። ሀዲስ አለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የሚተርኩት ደግሞ ከዚያም በፊት ስለነበረው የጎጃም ኑሮ ነው። ጭሰኛ፣ ጉልት፣ ርስት፣ ባላባት፣ የቆሎ ተማሪ፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች የሚሉት ቃላት ለእርስዎ ግልጽ ናቸው፤ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ ግን ስም ብቻ ናቸው። መጽሐፉን ከመክፈቱ በፊት በአንድ ምሽት፣ ቡና እየተፈላ፣ እነዚህን ስምንት ቃላት ያጫውቱት። ኳስ ይወዳል ካሉን ማዕረጎቹን ለማስረዳት መንገዱ ቀሎልዎታል። ስሞቹ የጦር አሰላለፍ ናቸው፤ ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመውን ጦር የሚመራ፣ ቀኛዝማች የቀኝ ክንፍ አዛዥ፣ ግራዝማች የግራ ክንፍ አዛዥ። አጥቂ፣ ቀኝ ክንፍ፣ ግራ ክንፍ ብለው ወረቀት ላይ ይሣሉለት፤ አይረሳውም። ርስት ከአያት ከቅድመ አያት በዘር የሚወረስ መሬት ነው፤ ጉልት ደግሞ ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ መብት ነው፤ ጭሰኛ በሰው መሬት አርሶ ለባለመሬቱ የሚከፍለው ገበሬ ነው። የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻና ገበሬዎቻቸው ሲጣሉ ነገሩ ስለ ምን እንደሆነ የሚገባው እነዚህን ሦስቱን ሲለይ ብቻ ነው። ካልለየ «ምን ያናድዳቸዋል?» ብሎ ያልፈዋል፤ የመጽሐፉ ግማሽ ኃይልም አብሮ ያልፋል።

ሦስተኛው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ግን ልጆችን ያደናቅፋል። በዚህ መጽሐፍ አንዳንድ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አለች። የኅትመት ጉድፍ እንዳትመስለው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ «ገና» የበዓሉም ነው፣ «ገና ነው» የምንለውም ነው፤ «ዋና» ውኃ ውስጥ የሚዋኘውም ነው፣ አለቃውም ነው። ሀዲስ ይህን ለመለየት በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አስቀመጡ። ሌሎች ደራሲዎች ብዙም አልተከተሏቸውም፤ ስለዚህ ልጁ ነጥቢቱን ሌላ ቦታ አይቷት አያውቅም። አንድ ገጽ ላይ አብራችሁ ነጥብ ያለባቸውን ቃላት እያጠበቃችሁ አንብቡ፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይሄዳል። የነጥቧን ጥቅም ያወቀ ልጅ ከሌላው መጽሐፍ ይልቅ ይኼኛውን ጮክ ብሎ ለማንበብ ይቀለዋል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላም ምክራችን መጽሐፉን ለክረምት እንዲያቆዩት ነው። ሰሌዳው እንዲህ ነው። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። በቀን 15 ገጽ፣ እሑድ እያረፈ፣ ሐምሌ 1 ቢጀምር ለቡሄ ሰሞን ይጨርሰዋል። በትምህርት ወቅት ግን በቀን አራትና አምስት ገጽ እያለ ሲጎትተው ገጸ ባሕርያቱ ይጠፉበታል፤ ወፍራም መጽሐፍ በትንሽ በትንሹ ሲቆራረስ ይሞታል። ከአሁን እስከ ክረምት ድረስ ያለውን ጊዜ ቀጫጭንና ፈጣን መጻሕፍት ይሙሉት።

መጽሐፍ ከመግዛትዎ በፊት የአንድ ገጽ ፈተና ያድርጉ። ከመካከል አንድ ገጽ ይክፈቱ፤ ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል ባገኘ ቁጥር አንድ ጣት ያጥፍ። እስከ ሦስት ጣት ከሆነ ብቻውን ይወጣዋል። አራት ወይም አምስት ከሆነ ከጎኑ ሰው ይፈልጋል። አንድ እጅ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ከተሻገረ ለሌላ ዓመት ይቆይ። ከመካከል የምንለው በምክንያት ነው፤ ደራሲዎች መግቢያው ላይ ወይ ይጠነቀቃሉ ወይ ይራቀቃሉ፤ የመጽሐፉ እውነተኛ አማርኛ መሐል ላይ ነው ያለው። ሰዓትም ይያዙ። አንድ ገጽ በሁለት ደቂቃ የሚያነብ ልጅ 15 ገጹን በግማሽ ሰዓት ይጨርሳል። አምስት ደቂቃ የሚፈጅበት ግን ከሰዓት በላይ ይቀመጣል፤ ለእሱ 15 ገጽ ቅጣት ነው፤ ስድስት ገጽ ይበቃዋል።

ለልጅዎ የመጀመሪያው መጽሐፍ «ዴርቶጋዳ» ይሁን። የይስማዕከ ወርቁ ነው። ስለላ አለው፣ ሳይንቲስቶች አሉት፣ ጣና ሐይቅና ገዳማቱ አሉበት፤ ምዕራፉ ሲያልቅ ልጁን አንጠልጥሎ ይተወዋል። ሥነ ጽሑፍ አዋቂዎች ቋንቋውን ያጋንናል፣ ሳይንሱም ምናብ ነው ብለው ይነቅፉታል። ነቀፌታው ተገቢ ነው፤ ግን ለልጅዎ አሁን የሚያስፈልገው አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር መጨረስ ነው። አንድ ጊዜ የጨረሰ ልጅ ሁለተኛውን አይፈራም። «ራማቶሓራ» የሚባል ተከታይ ስላለው ወዲያው ልግዛልህ እንዳይሉት፤ ሦስት አራቱን ተከታትሎ ካነበበ ሌላው አማርኛ ሁሉ ይቀዘቅዝበታል።

ከእሱ ቀጥሎ የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» ጥሩ ድልድይ ነው። ምሥጢርና ፍለጋ አለበት፤ አማርኛው ግን የረጋ ነው፤ ወደ መንዝ ይወስደዋል። ለደብረ ብርሃን ልጅ ደግሞ መንዝ ማለት ጎረቤት ነው፤ የሚያውቀውን አየርና ተራራ መጽሐፍ ውስጥ ሲያገኘው ይደነቃል፤ የዚህ ዓይነቱን ድንቃድንቅ ንቀው አይለፉት። የቤተ ክርስቲያን ቃላት ይበዛሉና ለማያውቃቸው አንድ ወረቀት እንደ ዕልባት ይስጡት፤ ቃሉንና የገጹን ቁጥር እየጻፈ ይሂድ፤ ማታ ላይ አምስቱን ብቻ አብራችሁ ፍቱ። በየቃሉ ላይ ቆሞ መዝገበ ቃላት የሚከፍት ልጅ ታሪኩን ይስታል። መዝገበ ቃላት ሲከፍትም «የለም» ብሎ እንዳይመለስ አንድ ነገር ያሳዩት፤ «ሲያንገራግር» የሚለውን በ«ሲ» አይፈልገውም፤ እንደ «መጣ»፣ «ሄደ» ወዳለ ቅርጽ መልሶ «አንገራገረ» ብሎ ነው የሚነሳው።

ከዚያ ወደ ቀድሞዎቹ ይሻገር፤ መሻገሪያው ብርሃኑ ዘሪሁን ነው። ብርሃኑ ጋዜጠኛ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ እንደ ጋዜጣ ዜና ፈጥኖ ይነበባል። «የቴዎድሮስ እንባ» የታተመው በ1958 ዓ.ም.፣ ልክ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጣበት ዓመት ነው። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው በአንድ ዘመን የተጻፉ አይመስሉም። ልጁ ቴዎድሮስን ከታሪክ ትምህርት ያውቃቸዋል፤ ታሪኩን ስለሚያውቅ ቋንቋው አያስፈራውም። ይህ ዘዴ ለሌላም መጽሐፍ ይሠራል፤ ልጁ ወይ ታሪኩን ወይ ቋንቋውን ቀድሞ ይወቅ፤ ሁለቱም አዲስ ከሆኑበት ይወድቃል።

ከክረምቱ በፊት ጊዜ ከተረፈው የበዓሉ ግርማ «የህሊና ደወል» (1966 ዓ.ም.) ወይም ደራሲው ያንኑ ታሪክ እንደገና ጽፎ ያወጣው «ሀዲስ» አለ። አንድ ወጣት መምህር በኢሉባቦር ትምህርት ቤት ለማሠራት የሚያደርገው ትግል ነው። አንዱ ይበቃዋል፤ ሁለቱንም አይግዙ።

ሐምሌ ሲመጣ ወደ ወፍራሙ መጽሐፍ ይመለሱ፤ በዚህ ጊዜ በጆሮ ይጀምሩ። የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት በየምሽቱ 20 ደቂቃ ትረካውን ይስማ፤ መጽሐፉ ፊቱ ተከፍቶ ጣቱ መስመሩ ላይ ይሁን። ወጋየሁ ቦታው ላይ ትንፋሽ ይወስዳል፤ ፊታውራሪን በሌላ ድምፅ፣ ጉዱ ካሳን በሌላ ድምፅ ያናግራቸዋል። ረጅሙ የሀዲስ ዓረፍተ ነገር የት ላይ እንደሚቆም ልጁ ከእሱ ድምፅ ይማረዋል። ትረካው ቀድሞት ከሄደ ያቁመውና ቦታውን ይፈልግ። ከአምስት ቀን በኋላ ድምፁን ዘግተው ብቻውን ያንብብ። እስከ መጨረሻው በትረካ ብቻ ከሄደ ታሪኩን ያውቃል፤ ማንበቡ ግን አይጎለብትም፤ ስለዚህ በአምስተኛው ቀን መዝጋቱን አይርሱ።

አሁን ወደ ሴት ልጅዎ። እሷ ስልኳ ላይ የምታነበውን አይናቁባት። በክፍል በክፍል የሚወጣ ታሪክ እየጠበቀች የምታነብ ልጅ ገጸ ባሕርይ መከተልን፣ ነገር ማያያዝን ለምዳለች፤ የጎደላት ረጅም ክፍል ሳይቋረጥ መቀመጥ ነው። የምትወደው የፍቅር ታሪክ ስለሆነ ከዚያው ይጀምሩ፤ የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፍቅር ነው፤ ከፊቷ ያለው ዓለም ስለሆነ ይይዛታል። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጣ በአንድ ጊዜ 40 ደቂቃ እንድታነብ ብቻ ይስማሙ። ከዚያ በላይ ሕግ አያስፈልጋትም።

ስለ «ኦሮማይ» ለጠየቁን፦ 17 ዓመት ይበቃል፤ ግን ከእሱ በፊት አንድ መጽሐፍና አንድ ገጽ ማስታወሻ ይቅደም። መጽሐፉ የ«ኦሮማይ» ደራሲ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ነው፤ በ1962 ዓ.ም. ወጣ። ሠዓሊ ለመሆን የሚናፍቀውን የአበራ ወርቁን ሕይወት ነው የሚተርከው፤ ቤተሰብ «ሥራህን ያዝ፣ አግባ፣ ቤት ሥራ» ይለዋል፤ ነፍሱ ሌላ ትለዋለች። 12ኛ ክፍል ሊጨርሱ የደረሱ ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ጭንቀት ነው። መጽሐፉ ቀጭን ነው፤ የበዓሉን አጻጻፍ ያለማምዳታል። መጠጥና የወንድና ሴት ግንኙነት አለበት፤ ለ17 ዓመት ልጅ የሚከብድ አይመስለንም፤ ለ14 ዓመቱ ልጅዎ ግን ይቆይ።

ማስታወሻው ደግሞ ታሪኩ የተፈጸመበትን ጊዜ የሚመለከት ነው። «ኦሮማይ» በ1974 ዓ.ም. ደርግ ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ የቆመ ነው። ዋናው ሰው ፀጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ አሥመራ ሄዶ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ ይመራል፤ እዚያም ፊያሜታን ያገኛል። ደርግ ምን እንደነበር፣ ሻዕቢያና ጀብሃ እነማን እንደነበሩ፣ ናቅፋ የት እንደሆነች የማታውቅ ልጅ ግማሹን መጽሐፍ እንደ ፍቅር ታሪክ ብቻ ታነበዋለች፤ ሌላው ግማሽ ጫጫታ ይሆንባታል። እነዚህን አራት ነገሮች በእጅዎ በአንድ ገጽ ይጻፉላትና ከሽፋኑ ውስጥ ይክተቱላት፤ ካርታም ላይ አሥመራንና ናቅፋን ያሳዩአት። ደራሲው ራሱ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተነሣ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን መጀመሪያ ይንገሯት ወይስ መጨረሻ? መጨረሻ እንላለን። ቀድሞ የተነገራት ልጅ በየገጹ «ለዚህ ነው የገደሉት?» እያለች ፍንጭ ትለቅማለች፤ ሰዎቹን ትስታቸዋለች። መጽሐፉን ዘግታ እያለች ሲነገራት ግን እንደገና ትከፍተዋለች።

ሌላም መጽሐፍ ለእሷ እናክል፤ «ጦቢያ»። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። መቶ ገጽ አይሞላም። መንትዮች ናቸው፤ እህቲቱ ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ ትጓዛለች። ሴት ልጅዎ ይህን ትወደዋለች ብለን እናምናለን፤ አማርኛው ግን መቶ ዓመት አልፎታል፤ የቆየው ኅትመት ከሆነ ደግሞ ቃላቱ በሁለት ነጥብ የተለያዩ ናቸውና ዓይን ይደክማል። ስለዚህ ብቻዋን አይስጧት፤ በሁለት ቅዳሜ ከሰዓት አብራችሁ፣ አንድ ገጽ እርስዎ አንድ ገጽ እሷ፣ አንብቡት። አንዳንድ መምህራን «ከመጀመሪያው እንጀምር» ብለው ለጀማሪ ይህን ያስቀድማሉ፤ በእኛ እምነት ትልቅ ስሕተት ነው። በዘመን ቅደም ተከተል የሚሄድ ጀማሪ በጣም ከባዱን አማርኛ በጣም ደካማ በሆነበት ጊዜ ያገኘዋል። ከዛሬ ተነሥቶ ወደ ኋላ ነው መሄድ ያለበት።

ለአካባቢው ብላችሁ «አደፍርስ»ን እንዳትቸኩሉ። የዳኛቸው ወርቁ ድንቅ ሥራ ነው፤ 1962 ዓ.ም.፤ ቦታውም የእናንተው ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ሲና ወዲያ አርማኒያ ነው። ግን ቋንቋው የታመቀ፣ ክርክሩ የበዛ ነው፤ ልጅዎ በጣት ፈተናው ሁለቱንም እጆች ይጨርሳል። ሴቷ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ትውሰደው። የአዳም ረታ «ግራጫ ቃጭሎች»ም እንዲሁ፤ ዋናው ሰው መዝገቡ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያድግበት መጽሐፍ ስለሆነ ለወጣት የሚሆን ይመስላል፤ ግን ጊዜውን ይገለባብጣል፤ በርካታ ረጃጅም ልብ ወለዶችን የጨረሰ አንባቢ ነው የሚደሰትበት። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ደግሞ የአዋቂ መጽሐፍ ነው፤ 18 ዓመት ሳይሞላ አይሰጥ። ልጆች ስሙን ስለሚሰሙት ይጠይቁዎታል፤ «መጥፎ ነው» አይበሏቸው፤ «ጊዜው ሲደርስ» ይበሏቸው፤ መጥፎ የተባለ መጽሐፍ በማግስቱ በቴሌግራም ይገባል።

ከውጭ ሥራዎች አንድ ብቻ እናንሣ፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው»። የማርጋሬት ሚቼል ወፍራም ልብ ወለድ ነው፤ ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ ነው የተረጎመው። ሴት ልጅዎ ጽሑፉን ከማንበቧ በፊት ይህን ብትሰማ መጽሐፉን በሌላ እጅ ነው የምትይዘው።

የቨርጂኒያው ልጅ ችግር ከሁለቱ ይለያል። ቃላቱን በጆሮው ያውቃቸዋል፤ ዓይኑ ግን አይይዛቸውም። «ይበላል» የሚለውን ሲያይ ሰውየው ምግብ ይበላል ማለት ነው ወይስ ምግቡ በሰው ይበላል ማለት ነው ብሎ ይቆማል፤ ፊደሉ አንድ ነውና። እናንተ ይህን ከዐውዱ ሳታስቡ ትለያላችሁ፤ እሱ ገና በየቃሉ ይመርጣል፤ መንተባተቡ ከዚህ ነው። ስለዚህ ልብ ወለድ ዛሬ አይላክለት። የሀዲስ አለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» ይላክለት፤ ተረቶቹ አጫጭር ናቸው፤ ብዙዎቹን ከእናቱ አፍ ሰምቷቸው ይሆናል፤ የሰማውን ሲያነብ ዓይኑ ከጆሮው ጋር ይታረቃል።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አሥር አሥር ደቂቃ፣ እናቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፤ እሱ ያንኑ ዓረፍተ ነገር መጽሐፉን እያየ ይደግማል። በአንድ ቁጭታ ከአንድ ተረት አይለፉ። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ተረት ብቻውን አንብቦ በስልክ ድምፁን ይቅዳና ለእርስዎ ይላክልዎት። እርስዎ ደግሞ ስሕተቱን አይቁጠሩ፤ በራስዎ ድምፅ ያንኑ ተረት አንብበው መልሰው ይላኩለት፤ የት እንደሳተ ራሱ ሲሰማ ያውቀዋል። በየቃሉ እያቆሙ የሚያርሙት ልጅ ሦስተኛው ሳምንት ላይ «አልችልም» ይላል። ከሁለት ወር በኋላ ከ«እመጓ» አሥር ገጽ በዚሁ መንገድ ይሞክር። «ኦሮማይ» በፈረንጆቹ 2025 በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ ልጁ 17 ሲሞላው አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ቢያነብ ሁለቱንም ያተርፋል። በእንግሊዝኛው ብቻ ከጀመረ ግን አማርኛውን መልሶ የሚከፍት ልጅ ጥቂት ነው።

ቤት ውስጥ አንድ ነገር ያስወግዱ፤ «ምን ተማርክበት?» የሚለውን ጥያቄ። እንደ ፈተና ይሰማቸዋል፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በሱ ፈንታ ስለ ሰዎቹ ይጠይቁ፤ «ጉዱ ካሳን ለምን እብድ አሉት? አንተስ እብድ ነው ትላለህ?» «ፊታውራሪ መሸሻ ቦታ ብትሆን ልጅህን ለማን ትድር ነበር?» ክርክር ሲነሣ ይተዉት፤ ከእርስዎ ጋር ባይስማሙም ይተዉት። መጽሐፍ የማቋረጥ መብትም ይስጧቸው፤ ከአምሳ ገጽ በኋላ ሦስት ቀን ተከታትሎ አምስት ገጽ ማንበብ ያቃተው ልጅ ዕልባቱን አስገብቶ መደርደሪያ ላይ ይመልሰው፤ ማንም ምንም አይበለው። ያለቁስል የተዘጋ መጽሐፍ በዓመቱ ይከፈታል።

ግዢ ላይ ይጠንቀቁ። ከአዟሪ ሲገዙ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት የገጽ ቁጥሮቹን ይገልብጡ። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በ16 በ16 ገጽ ታጥፎ ነው የሚሰፋው፤ አንድ እጥፋት ከጎደለ ከ96 ወደ 113 ይዘላል፤ ወይም አንዱ ሁለት ጊዜ ይገባል። በተለይ ኮፒ ተደርገው በሚሸጡት ላይ ይህ አለ፤ ፊደሉም የደበዘዘ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ደግሞ ያቺ የምታጠብቀው ነጥብ ጨርሳ ትጠፋለች። አንድ ገጽ ወደ ብርሃን ይዘው ነጥቢቱን ይፈልጓት፤ ካላገኟት ሌላ ቅጂ ይጠይቁ። በቴሌግራም የሚዞረው ስካን የተደረገ ቅጂም የደራሲውን ድካም ይበላል፤ ዓይንም ያደክማል።

ለቨርጂኒያ በሰው እጅ ሲልኩ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይላኩ፤ ከሽፋኑ ውስጥ በእጅዎ ጽሑፍ ስሙን፣ ቀኑንና ከየትኛው ተረት እንደሚጀምር ይጻፉለት። ሁለተኛውን የድምፅ ቅጂው ስድስት ከሞላ በኋላ ይላኩለታል።